የሉማሜው መጨረሻ

መምህር እንዳላማው ልብ ወለድ የሚጽፈው ጋቢ ተከናንቦ ነው። ለማያውቀው ሰው ወባ የያዘው ይመስላል። ነገሩ የቆየ ልማድ ነው፤ በልጅነቱ ጉንደ ወይን አጠገብ ከየኔታ ገብረ ሚካኤል ዘንድ ቅኔ ሲማር፣ ተማሪው ሁሉ በየዛፉ ሥር ተከናንቦ ቅኔውን በልቡ እያሰናዳ ይቆጥር ነበር። እንዳላማው ቅኔውን ትቶ አስኳላ ቢገባም፣ ኋላም ደብረ ማርቆስ የአማርኛ መምህር ቢሆንም፣ ጋቢውን አልተወም። አንድን ምዕራፍ በልቡ ሳይጨርስ ብዕር አያነሳም፤ ካነሳ ደግሞ ስርዝ ድልዝ የለበትም።

ንባቡ ግን እንዲህ ሥርዓት የያዘ አይደለም። ገድልና ድርሳን ያነባል፤ ወንበዴ የሚታደንበትን የትርጉም መጽሐፍ ያነባል፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር አራግፎ ያነባል። ሚስቱ ማንጠግቦሽ፣ አንተ እኮ ነፍስህ ስትወጣ እንኳ የጎረቤት መቃብር ላይ የተጻፈውን ሳትጨርስ ወደ ሰማይ አትሄድም ትለዋለች።

ከመጀመሪያው መጽሐፉ በሰው እጅ ካለው ይልቅ አልጋ ሥር የተከመረው ይበዛል፤ በደንብ ያጣጣሙት አይጦቹ ናቸው። ሁለተኛው ግን ሌላ ነበር። በወሰን የተጣሉ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነው፤ ቁም ነገር እንዳለው ራሱም ያውቃል። አዲስ አበባ ያለው አሳታሚ እስከ ፋሲካ ካመጣህልኝ አትመዋለሁ፣ ካለፈ ግን አትልፋ ብሎታል። የቀረው የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነበር። እሱም ጠፋ።

ያጠፋውም የገዛ አፉ ነው። በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በአንዱ ክረምት፣ ከአዲስ አበባ ሲመለስ አውቶብሱ ሉማሜ ላይ ተበላሸ። ዝናቡ ይወርዳል፤ ተሳፋሪው ዘመናይ ከምትባል ሴት ሻይ ቤት ተፋፍጎ ሾፌሩን ይራገማል። እንዳላማው ጥጉን ይዞ፣ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ ምዕራፉን በልቡ ቋጨው። ሲቋጨው ደስታው አላስችል አለውና አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ማውራት ጀመረ። ቀስ በቀስ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጠው ጀመር። ታላቅ ወንድም ከዓመታት ኩርፊያ በኋላ ልታረቅ ብሎ ወደ ታናሹ አውድማ ሲሄድ፣ ሞቶ ያገኘዋል። አንዲት ሴትዮ አለቀሰች። እንዳላማው የዚያን ቀን ያህል ኮርቶ አያውቅም።

ቤቱ ገብቶ ብዕር ሲያነሳ ግን እጁ እምቢ አለ። በቅኔ ቤት አንድ ሕግ ነበር፤ አንድ ጊዜ የተነገረ ቅኔ ዳግም አይነገርም። የትናንቱን ይዞ መምህሩ ፊት የቀረበ ተማሪ በጓደኞቹ መካከል ያፍራል። ይህ ሕግ ለካ ከአጥንቱ ገብቶ ኖሯል። ለመጻፍ በተቀመጠ ቁጥር ያው የጥንቱ እፍረት ይይዘዋል፤ ቃሉ ሁሉ እንደ ከረመ እንጀራ ይደርቅበታል። መስከረም ጠባ፣ አጨዳው አለፈ፣ ጥምቀትም አለፈ፤ ወረቀቱ ባዶ ነው። ማንጠግቦሽ መጀመሪያ ቀለደችበት፣ ኋላ አዘነችለት። በመጨረሻ ስንቅ ቋጠረችለትና፣ ያሰሩህ የኔታ ናቸው፣ ሂድና እሳቸው ይፍቱህ አለችው።

የየኔታ ገብረ ሚካኤል ዓይን ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን እንደ ድሮው ነው፣ ገና በድምፁ አወቁት። ጥለኸን ሄደህ አስኳላውስ ምን አተረፈልህ ብለው ወጋ ወጋ ካደረጉት በኋላ ችግሩን እስከ ጫፉ አዳመጡት። እንዳላማው ሕጉን እንዲያነሱለት ለመናቸው። የኔታ ሳቁ።

«ሕጉንስ አላነሳልህም» አሉት። «የተናገረ አይደግምም። የሰማ ግን ይደግማል። የመምህሬን ቅኔ እየነገርኩህ አይደለም እንዴ ያደግኸው? ሂድና ከሰማው ሰው ተቀበለው።»

በማግስቱ ሲመለስ ሉማሜ ላይ ወርዶ ያው ሻይ ቤት ገባ። ተስፋ ግን አልነበረውም፤ ክረምት ላይ የተወራ የመንገደኛ ጨዋታ እስከዛሬ ማን ያስታውሳል? ዘመናይ ሻዩን ስታቀርብለት አላወቀችውም፤ ዛሬ የመምህር ኮቱን ለብሷል፣ ፊቱንም ገልጧል። በወሰን ስለተጣሉ ወንድማማቾች የሰማሽው ነገር አለ ወይ ብሎ እንደ ዋዛ ጠየቃት። ሴትዮዋ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ቁጭ አለች። አውቶብስ የዘገየበት ሁሉ እሱን አውሪልን እንደሚላት፣ አንድ የመርጡለ ማርያም ቄስ ሳይቀሩ እንዳስደገሟት ነገረችው።

ከዚያም ጀመረች። ታናሹ ወንድም አንካሳ ሆኗል። በሬው ስም ወጥቶለታል። እንዳላማው በሕልሙም ያላያት አንዲት እህት መሃል ገብታለች። ሊያርማት አፉን ከፈተና እንደምንም ዋጠው። ታላቅ ወንድም አውድማው ዳር ደረሰ።

«ቆሞ አየው» አለች ዘመናይ። «ታናሽየው ቀና አላለም። ሰማዩ ጠቁሯል፣ እህሉ ገና ከገለባው አልተለየም። ብቻ ሌላውን መንሽ ለታላቅየው አቀበለው።»

«ታረቁ?»

«እሱን እንጃ። ብቻ እህሉን ዝናብ ሳይነካው አብረው አነሱት።»

እንዳላማው እንባው መጣ። ያን ሁሉ ወር ተከናንቦ ያላገኘው ነገር ይኸው ነበር። ደግሞም የእሱ አይደለም፤ ቢጽፈው የትናንቱን ደገመ አይባልም። ድምፁን አስተካክሎ፣ ታናሽየው አይሞትም ወይ አላት።

«ያወራው ሰውዬ እንኳ ሞተ ብሎ ነበር» አለች። «እኔ መንገደኛ በሞት አልሸኝም። ሰውየው ጨዋታ አዋቂ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ መጨረሻውን አያውቀውም።»

እንዳላማው ከሠርጉ ወዲህ እንደዚያ ስቆ አያውቅም። ሻይ ድገሚኝ ብሏት ከኮቱ ኪስ ብዕር አወጣና፣ ያለ ጋቢ፣ ሰው ሁሉ እያየው መጻፍ ጀመረ። የማርቆሱ አውቶብስ ጡሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ ቀና አላለም።