የአማት ጥግ

«እንግዲህ አማቲቱ ጋ ስንደርስ አፋችንን ዘግተን አንድ በአንድ ነው የምናልፈው?» አለ ጡረተኛው ጥርስ ሐኪም፣ ከለቅሶው ወንበር እየተነሳ።

ዘጠኙ ጡረተኞች የሟቹ አስጎብኚ የሰኞ ደንበኞች ነበሩ። እሱ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ ሆነው፣ የወንዙን ዳር ዳር ቀላል መንገድ ሲመላለሱበት ዓመታት አስቆጥረዋል። ዛሬ፣ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ በስሙ ሊሄዱበት ተነስተዋል። የሟቹ ሚስትም በመቀመጥ ብዛት እግሯ ስላበጠ አብራቸው ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች ነው።

ልጇ የሻይ ትሪ እንደያዘች ቆማለች። የታሪክ አስተማሪ ናት። ሦስት ቀን ሙሉ የአባቷን ተረት ከለቀስተኛው አፍ ስትሰማ ትዕግሥቷ ተሟጧል።

«ጋሼ፣ እሱን ተዉት እባክዎ። አባዬ ከራሱ የፈጠረው ነው። ተቃቅፋችሁ፣ እያወራችሁ እለፉ።»

«እኔስ ለትዳሬ ሰግቼ ነው!» አለና የሚስቱን ክንድ ይዞ ወጣ። እናትየውም ተከተለቻቸው።

ተረቱ እንዲህ ነው። ወንዙ በሚታጠፍበት ጥግ ላይ አንዲት አማት ከልጇ ሚስት ጋር ተጣልታ፣ «ካልለመናችሁኝ አልወጣም» ብላ ውሃ ገባች፤ የለመናትም አልነበረ፣ እዚያው ቀረች። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ሆነው ሲያወሩ ከሰማች ትዳራቸውን ታፈርሳለች። ስለዚህ ዳገቱን ተጠግቶ፣ አንድ በአንድ፣ በዝምታ ማለፍ ነው።

ከሰባት ዓመት በፊት አባቷ በረንዳ ላይ ጫማውን ከጭቃ ሲያጸዳ አፋጠጠችው።

«አባዬ፣ የፈረሰው ወፍጮ ቤትም የተቃጠለው ድልድይም መዝገብ ላይ አሉ። አማቲቱ የት አለች?»

«አማት በመዝገብ ትያዛለች እንዴ?»

«ሰው እየዋሸህ እኮ ነው!»

«ልዋሽ» አለ፣ ቀና ሳይል። ከዚያ ወዲህ በየሰኞው «ትመጫለሽ?» ይላት ነበር፤ እሷም የማርመው የፈተና ወረቀት አለኝ ትለው ነበር። አሁን ያ ወረቀት ሁሉ ያንገበግባታል።

ጡረተኞቹ ከወጡ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ የአባቷ ባልንጀራ መጣ። የወንዙን ውሃ ከፍታ እየለካ ያረጀ ሽማግሌ ነው። አጠገቧ ተቀምጦ እናቷ የት እንዳለች ጠየቀ።

«ከጡረተኞቹ ጋር በወንዙ መንገድ ወጣች።»

«ደግ አደረገች። አማቲቱ እያለች ክፉ አያገኛቸውም።»

«እርስዎም ያምኑበታል ጋሼ?»

ሽማግሌው ዙሪያውን ቃኝቶ ድምፁን ቀነሰ። «የምን ማመን! እኔና አባትሽ አይደለን እንዴ ያመጣናት? ጥጉን ውሃው ከሥር በልቶታል። ላዩ ሣር፣ ታቹ ባዶ። አመለከትን፤ ለከርሞ አሉን። አጥር ብንተክል ነቅለው አነደዱት። ማስጠንቀቂያ ብንለጥፍ፣ ሰው ጉድጓዱን ካላየሁ ብሎ ጭራሽ ጠርዙ ላይ ቆመ። አባትሽ ‹እንግዲያው አማት እናስቀምጥበት፣ አማት የሚሰርቅ የለም› አለ።»

«ለምን ለእኔ አልነገረኝም?»

«ሐሰት አይዋጥላትም፣ ለተማሪዎቿ ትናገራለች፣ እነሱም ሊያዩት ይሄዳሉ ብሎ ፈራ። ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?»

ትሪውን ጭኑ ላይ አስቀምጣለት ወጣች። «ሐዘንተኛ እንዲህ ይሮጣል?» የሚል ሹክሹክታ በሩ ላይ ደረሰባት።

እየሮጠች የሽማግሌ እርምጃ ታሰላለች። ወፍጮ ቤቱ ጋ ያርፋሉ፤ ጥርስ ሐኪሙ ወሬ ይወዳል፣ ወሬው ዛሬ እንዳያልቅበት ለመነች። ወፍጮ ቤቱ ጋ ማንም አልነበረም። የገዛ አፏን ረገመችው።

ጥጉ ላይ አየቻቸው። እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገዱን ሞልተውታል፤ እናቷ በውሃው በኩል ወጣ ብላ ወደ ታች ታያለች። ልትጮህ አፏን ከፈተች። ከጮኸች ግን ሁሉም ደንግጠው ሊራወጡ ነው፣ ያውም ባዶው ላይ። ጩኸቷን ዋጠችው። በዝግታ ተጠጋቻቸው።

«ዝም በሉ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰምታችኋለች።»

«ውሸት ነው አላልሽም?» አለ ጥርስ ሐኪሙ።

«ተሳስቻለሁ። መዝገብ ላይ አገኘኋት። በሉ ዳገቱን ይዛችሁ፣ አንድ በአንድ። እማዬ፣ አንቺ ቅደሚ።»

እናቷ የልጇን ፊት አይታ ታዘዘች። እግሯን ከሣሩ ስታነሳ አንድ እፍኝ አፈር ተንሸራቶ ውሃው ውስጥ ወደቀ። ድምፁን ከሁለቱ በቀር የሰማ የለም። ጡረተኞቹ ፈገግ እያሉ ተራ በተራ አለፉ።

ሁሉም ጠንካራው መሬት ላይ ሲደርሱ እናቷን አቀፈቻት።

«እኔ ነኝ እማዬ» አለች። «እኔ ነኝ ላጠፋሽ የነበርኩት።»

«አባትሽም ስለሷ ሲያወራ ድምፁን እንዲሁ ነበር የሚቀንሰው» አለች እናቷ።

ያኔ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰው ፊት አለቀሰች። ማንም ዝም በይ አላላትም።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ያው አንዱ፣ በጥጉ በኩል የሚያልፈው ነው። ጡረተኞቹ ቆመው አስጎብኚ የሚጠብቁ መሰሉ። ልጅቷ ፊቷን ጠርጋ ከፊት ሆነች። እናቷ ከኋላ የሹራቧን ጫፍ ያዘች። ልጅቷ ዞር ሳትል አንድ እጇን ወደ ኋላ ልካ የእናቷን ጣቶች ጨበጠች፤ ሌላውን ዳገቱ ላይ አሳርፋ፣ አንድም ቃል ሳትተነፍስ መንገድ መራች።