እያዞረው የሠራው ደረጃ

«የአናጢው ቤት ይሄ ነው?» አሉ ከዘራ የያዙ አሮጊት በሩ ላይ ቆመው። ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነበር። የሟች ልጅ ተነስታ ወንበር ሰጠቻቸው፤ ማን እንደሆኑ ግን እሷም አክስቷም አላወቁም።

አሮጊቷ ነፍስ ይማር ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ከቤተ መጻሕፍቱ እንደመጡ፣ እዚያ ሠላሳ ዓመት መጽሐፍ ሲያውሱ እንደኖሩ ተናገሩ።

ልጅቱ ድንግጥ አለች። ከአባቷ ጋር የተኳረፉት በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ የተነሳ ነበር።

ሰባት ዓመት ይሆነዋል። አንድ ጠዋት አባቷ ከአልጋው ሲነሳ ቤቱ ዞረበትና ወለሉ ላይ ተዘረረ። ሐኪሙ የውስጥ ጆሮ ሕመም ነው፣ እየተመላለሰ ያስቸግረዋል አለ። ሰፈሩ ግን ግድግዳ እየተደገፈ ሲሄድ አይቶ ሰካራም አለው። የቤተ መጻሕፍቱን የፎቅ ደረጃ ሊሠራ ሲቀጠር፣ እሷ ሥራ ይብቃህ ብላ ብትለምነው አሻፈረኝ አለ። ሲያዞረው ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ዓይኑን ሳይጨፍን ይጠብቃል፤ ተወት ሲያደርገው ወዲያው እርሳሱን ያነሳል።

«አባዬ፣ ከዚያ ፎቅ ወድቀህ ትሞትብኛለህ።»

«ጤነኛ ሳለሁ ደረጃ ማለት እንጨት መስሎኝ ነበር» አላት። «ሰው የቱ ጋ እንደሚፈራ አሁን ነው የገባኝ። የገባኝን ሳልሠራበት ብቀር ይቆጨኛል።»

እልህ ይዟት ደረጃው እስኪያልቅ አላናገረችውም። ከታረቁም በኋላ ሄዳ ደረጃውን አላየችውም።

«እኔንም ዕድሜ ሲጫነኝ ያዞረኝ ጀምሮ ፎቁን ትቼው ነበር» አሉ አሮጊቷ። «አባትሽ የድሮውን ደረጃ ሊለካ ሲመጣ፣ ስወጣ የቱ ጋ እያዞረኝ እንደምቆም ጠየቀኝ። አዲሱ ላይ፣ ልክ ዓይኔ ጭልም የሚልበት መታጠፊያ ጋ፣ መደገፊያው ወፈር ብሎ እጅ ይሞላል። አጠገቡ መቀመጫ አለ፤ ፊት ለፊቱ መስኮት። ሰው ሁሉ ለውበት የተሠራ እየመሰለው ፎቶ ይነሳበታል። እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ያለ ደጋፊ እወጣለሁ።»

አክስቷ፣ ወንድሟን ዕድሜ ልኳን ግትር ስትለው የኖረችው፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ያምራል?» አለች ልጅቱ በቀስታ።

«አላየሽውም እንዴ?»

«አላየሁትም።»

አሮጊቷ አልወቀሷትም። ሊሄዱ ሲነሱ ልጅቱ ክንዷን አጥፋ አስደግፋቸው፣ ቆም እያሉ፣ እስከ መንገዱ ሸኘቻቸው። ታክሲው ይዟቸው ከሄደ በኋላም ክንዷን አልዘረጋችውም። የሚደገፍባት ሰው እንዳለ ሁሉ እንዳጠፈችው፣ በዝግታ እየተራመደች ወደ ቤት ተመለሰች።