ጮክ ተብሎ የሚነበብ ቁጥር

ካሣዬ ከዊንጌት ዝቅ ብሎ ባለው ሪቲፊካ ቤት ሠላሳ ዓመት ሞተር ሲያድስ ኖሯል። የተጣመመ ቴስታታ፣ የሞተሩን ክዳን፣ ይልጋል፣ ያለቀ ሲሊንደር አስፍቶ ለአዲስ ፒስቶን ያዘጋጃል። ከዓመት ወዲህ ግን ዓይኑ ከድቶታል። ሐኪሙ መነጽርም እንደማይረዳው ነግሮታል። ይህን ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሱ እንደዚያ ያስባል። ማሽኑን በእጁ ያውቀዋል፣ የመለኪያ መዘውሩን በጣቱ እየቆጠረ ያዞራል። ያቃተው አንድ ነገር ነው። ፒስቶን አናቱ ላይ ቁጥር ይመታበታል፤ ሲሊንደሩ ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚናገረው ያ ቁጥር ነው። ስለዚህ ካሣዬ ደንብ አወጣ፦ ቁጥሩን ደንበኛው ራሱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ "ኋላ ክርክር እንዳይመጣ።" ደንበኛው ሁሉ እንዲህ ያለ ሐቀኛ ባለሙያ የት ይገኛል አለ። ሐቀኝነት በየት በኩል!

ደሳለች ማክሰኞ ጠዋት መጣች። ባሏ ትቶላት የሞተው ከሽሮ ሜዳ የሚጭን አንድ ሚኒባስ ነው፤ ሦስት ልጆቿ የሚበሉት ከዚያው ነው። ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሎ ቀጥ ብሏል። ሞኖብሎኩን፣ ሲሊንደሮቹ ያሉበትን ትልቁን ብረት፣ በጋሪ አስጭና፣ አራት አዳዲስ ፒስቶኖች በፌስታል አንጠልጥላ ገባች።

"በይ ቁጥሩን አንብቢልኝ" አላት ካሣዬ።

ፒስቶኑን አየችው፣ አገላበጠችው። ሠራተኞቹ ዙሪያዋን ቆመዋል። የቤቱ ባለቤት ኤርሚያስም ከትከሻዋ ኋላ ቆሞ ያያል።

"መቶ" አለች።

ካሣዬ ፒስቶኑን ሲቀበላት እጁ ተጠራጠረ። ለመቶ ቀጠን ብሎበታል። ኤርሚያስን "እስቲ አንተም እየው" ቢለው ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ግን ኤርሚያስ ካሣዬን ከአባቱ ከማሽኖቹ ጋር ወረሰው እንጂ ወዶት አያውቅም። ዛሬ እይልኝ ካልኩት ነገ ከማሽኑ ያወርደኛል ብሎ ፈራ። ማሽኑን አስነሳ። ደሳለች እዚያው ተቀምጣ ጠበቀች።

ከሰዓት በኋላ ፒስቶኑን ቢከተው በሲሊንደሩ ውስጥ ሾልኮ ወደቀ። ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አሮጌው ብረት ያን ያህል መስፋት አልቻለምና ሦስተኛው ሲሊንደር ወደ ውኃው መተላለፊያ ተበስቷል። ሞኖብሎኩ ከእንግዲህ የቁራሌው ነው።

ኤርሚያስ ፒስቶኑን አነሳው። "ሃምሳ ይላል እኮ።"

ካሣዬ ወደ ደሳለች ዞረ። "አንቺ ነሽ መቶ ያልሽው! ሁሉም ሰምቷል! በይ አሁን አንብቢ!"

ደሳለች አንገቷን ደፋች። "አልችልም ጋሼ። ማንበብ አልችልም። ሰው ፊት አፍሬ አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩት።"

እኔም አላይም ቢላት ጥፋቱን ቢያንስ ለብቻዋ አትሸከመውም ነበር። ካሣዬ ግን እፎይ አለ። ደስ አለው!

"ታዲያ ምን ያስዋሽሻል? በልጆችሽ እንጀራ ትቀልጃለሽ? በይ ብረትሽን አንሺልኝ!"

እሷ እያለቀሰች ጋሪ ልታስጠራ ወጣች። ኤርሚያስ ከቢሮው አንድ ወረቀት ይዞ መጣ።

"ጋሽ ካሣዬ፣ ማስታወቂያ ጽፌያለሁ። እስቲ ይዩት፣ ይሆናል?"

ካሣዬ ወረቀቱን አስጠግቶ ራሱን ነቀነቀ። "አሳምረህ ጽፈኸዋል።"

"እንግዲያው በእጅዎ ይለጥፉት።"

በሩ ላይ ለጠፈው። ደሳለች ተመልሳ እዚያው ቆማ ነበር። "ምን ይላል ጋሼ?" አለችው።

"ማንበብ የማይችል እዚህ አይምጣ ይላል።"

ሠራተኞቹ በሳቅ ፈረሱ። በእሷ የሳቁ መስሎት ካሣዬም አብሯቸው ሳቀ።

"'አቶ ካሣዬ ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ተሰናብተዋል'" ብሎ ኤርሚያስ ጮክ ብሎ አነበበ። "መቼም ደንባችን ነው። ኋላ ክርክር እንዳይመጣ። ዓይንዎን ከፋሲካ ጀምሮ አውቄያለሁ፣ ማስረጃ ነበር የጎደለኝ።"

ደሳለች ወደ ኤርሚያስ ዞረች። "ጠዋት ከኋላዬ ቆመህ ነበር። ሃምሳውን አይተኸዋል?"

ኤርሚያስ ፊቱን አዙሮ ወደ ቢሮው ገባ። ጋሪው ሲመጣ ካሣዬ ብረቱን ሊያነሳላት ጎንበስ አለ።

"አትንካብኝ" አለችው።