ከቅዱስ ድሜጥሮስ በኋላ ውጭ አይለሰንም

ጎረቤቴ ራንጌል ድራጎየቭ ቤቱ ጠርቶ የሰደበኝ በ2012፣ ሜይ ስድስት ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሰዓቱን የማውቀው እሱ ከተቀመጠበት በላይ የግድግዳ ሰዓት ስለተሰቀለ ነው። ያንን ግድግዳ የለሰንኩት እኔ ነኝ። የውስጡን ማለቴ ነው። እስከ ዛሬ አንድ ስንጥቅ የለውም፤ ስለ እሱ ግን ማንም አያነሳም።

እኔን ሳይጨምር አስራ አንድ ሰው ነበር። ጠቦቱ ከምድጃ ወጥቶ ገና አልተቆረጠም። የራንጌል ሚስት ፔትካና ዳቦ ታድላለች። የሟች ባለቤቴ ወንድም ቩጾ፣ እንደ ልማዱ ሌላው ሳይጀምር መብላት ጀምሯል። ከእንግዶቹ አንዱ፣ "የሰሜኑ ግድግዳ ምን ነክቶት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ራንጌል ቢላዋውን አስቀመጠ። እኔን አየኝ።

"የስታሜን ልስን እኮ እንደ ቼሪ አበባ ነው" አለ። "ሁለት ሳምንት ያምራል፤ ከዚያ በመጥረጊያ ይጠረጋል።"

አስራ አንዱም ሳቁ። ቩጾ የጎረሰውን ሳይውጥ ሳቀ። እኔ ኮፍያዬን አንስቼ ወጣሁ፤ ጠቦቱንም አልቀመስኩም። ጥሩ ጠቦት ነበር አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ሁለት ሳምንት ሆነ። ሱቅ ስገባ ባለሱቋ ራዶስቬታ፣ "ሁለት ሳምንት መጣ፣ ቦታ ልቀቁለት" ትላለች። ጨዋ የሚባሉት ወጣቶች ደግሞ "ጋሼ ሁለት ሳምንት" ይሉኛል። አክብረውኝ ነው።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ከሦስት ዓመት በፊት የመንደራችን ሰው ሚንቾ ሲሞት ነው። መብራት ምሰሶው ላይ በተለጠፈው የሞት ማስታወቂያ፣ ከፎቶው ሥር፣ "ሚንቾ ጌርጎቭ (ተኩላው)" ተብሎ ተጽፏል። ቅጽል ስሙ ካልተጻፈ ማን እንደሞተ ሰው አያውቅም ብላ ልጁ ናት ያስጻፈችው። እውነቷን ነው፤ እኔም ራሴ ቅንፉን ሳላነብ የትኛው ሚንቾ እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ልጅ የለኝም። የእኔን ማስታወቂያ የሚያሳትመው ቩጾ ነው። በቅንፉ ውስጥ ምን እንደሚያስገባ እሱን መጠየቅ አያስፈልገኝም።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደነበረ ልጻፍ።

የእኛ ሥራ ወቅት አለው። ከቅዱስ ጊዮርጊስ እስከ ቅዱስ ድሜጥሮስ፣ ማለትም ከሜይ እስከ ኦክቶበር ማለቂያ፣ ውጭ ይሠራል፤ ጣሪያው፣ አጥሩ፣ የውጭ ልስኑ። ድሜጥሮስ ሲያልፍ ባለሙያ የልስን ማንኪያውን፣ ካዞላውን፣ አጥቦ ቤት ውስጥ ይገባል፤ ምድጃ እያነደደ ኮርኒሱን፣ ኩሽናውን፣ ወለሉን ይሠራል። ልስን ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። ሳይደርቅ የሌሊት ውርጭ ካገኘው፣ በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ያብጣል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይለቃል። እኔ የተማርኩት እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው፤ ይህን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት ሳይሆን አባቴ ነው። ዛሬ ሰው በጁላይ ኩሽናውን አፍርሶ አቧራ ውስጥ ይተኛል፤ በዲሴምበር ደግሞ ጣሪያውን ከፍቶ ዝናብ መጣብኝ ብሎ ያለቅሳል። እሱ የራሱ ጉዳይ ነው።

በ2011፣ ኖቬምበር አስራ አምስት ቀን፣ ራንጌል ግቢዬ ድረስ መጣ። ያኔ የዳቦ መኪና ይነዳ ነበር፤ መኪናውን ሳያጠፋ ነው የወረደው።

"ቬልኮ ለገና ከጀርመን ይመጣል" አለ። ቬልኮ ልጁ ነው። "እጮኛውን ይዞ ነው። የሰሜኑ ግድግዳ ጡቡ ገጥጦ ልታየው ነው?"

"ቤት ውስጥ ልግባልህ" አልኩት። "ኩሽናውን እለስንልሃለሁ፣ ኮርኒሱን ነጭ አደርግልሃለሁ። ልጅቷ የምትቀመጠው ውስጥ ነው። የውጩን በሜይ።"

"ለምን?"

"ድሜጥሮስ አልፏል።"

"ድሜጥሮስ ቴርሞሜትር ይዞ ይዞራል እንዴ? ፀሐይዋን እያት!"

"ሌሊቱንስ?"

"ሌሊት ማን ያየዋል? ስማ፣ አረጀሁ ካልክ አረጀሁ በል። ከተማ አንድ ልጅ አለ፤ በማሽን እየረጨ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። እኔ ጎረቤቴን ላስቀድም ብዬ ነው።"

ሥራው በማግስቱ ተጀመረ።

ሦስት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ልስኑ ገና እርጥብ ሳለ፣ ከጣሪያ ውሃ የሚያወርደው አሸንዳ ከሚቆምበት ቦታ ላይ በሚስማር ጻፍኩ። እንዲህ ነው የሚለው፦ "ኖቬምበር 18፣ 2011። ለስን ያለው ራንጌል ነው። እኔ አይሆንም ብያለሁ። ስታሜን።" ከዚያ አሸንዳውን መልሼ ገጠምኩበት።

ገና ላይ ግድግዳው ያምር ነበር። ልጅቷም አየችው፤ ምንም አላለችም። ጃንዋሪ ላይ ሲነኩት ባዶ ድምፅ ይሰጥ ጀመር። ማርች ላይ እንደ ወተት ስልባቦት በአንድ ላይ ወረደ። አንዲት ዶሮ ገደለ። የቀረው የጠረጴዛ ያህል ስፋት ያለው ቁራጭ ብቻ ነው፤ የጭስ ማውጫው በዚያ በኩል ስለሚያልፍ ግድግዳው ከውስጥ ይሞቃል፤ ውርጭ አልነካውም። ጽሑፌ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ታዲያ ያን ዕለት፣ በጊዮርጊስ፣ ለምን ሁሉንም አስነስተህ አላሳየህም የሚለኝ ይኖራል። እኔ ለማንም ግድግዳ እየመራሁ አላስጎበኝም። ራሳቸው ያገኙታል ብዬ ተውኩት። አሸንዳ ይዝጋል፣ ይቀየራል። ዓመት ቢፈጅ ሁለት ዓመት ነው።

በዚያው በጋ ራንጌል ከከተማ ሠራተኞች አስመጣ። አሸንዳውን ነቀሉ። ለማየት አጥሬ ድረስ ሄጄ ቆምኩ። ሠራተኛው ጽሑፉን አየው፤ ጆሮው ላይ የጆሮ ማዳመጫ አለ፣ ከንፈሩ በዘፈኑ ይንቀሳቀሳል። ሙጫ ቀባበትና ብርድ የሚከላከል ጠንካራ ነጭ ፎም ለጠፈበት። መላውን ግድግዳ በፎም አለበሱት፤ ከላዩ ቢጫ ቀለም ቀቡ። ራንጌል አላፊ አግዳሚውን እያስቆመ፣ "ይሄ ሃምሳ ዓመት ነው" ይል ነበር።

ስምንት ዓመት ጠበቅሁ። ከዚያ ግንደ ቆርቁሯ መጣች።

ወፏን ፎሙ ግንድ መሰላት። ስትመታው ውስጡ ባዶ ነው የሚመስለው፤ ትል አለ ብላ በሳች። መጀመሪያ ከጣሪያው ሥር አንድ ቀዳዳ፣ ከዚያ ሦስት። ራንጌል በጭቃ ደፈነው፤ አጠገቡ በሳች። የሚያብለጨልጭ ነገር አንጠለጠለ፤ ወፏ ለመደችው። እኔ ደግሞ ክረምት ክረምት ከአጥሬ ጥግ ካለው የፒር ዛፍ ላይ የአሳማ ስብ እሰቅልላታለሁ። ዛፉ ከራንጌል ግድግዳ አራት ሜትር ቢርቅ ነው። የራሴ ዛፍ ነው፣ የራሴ ስብ ነው። ወፍ መመገብ የሚከለክል ሕግ የለም፤ ጠይቄ አውቃለሁ።

አምስት ዓመት ሠራች። ከእሷ በኋላ አይጦች ገቡ፣ ከአይጦቹ በኋላ ውሃ። ዘንድሮ፣ ኦክቶበር ሠላሳ ቀን፣ ጠዋት ላይ ፔትካና በሬን አንኳኳች።

"ስታሜን፣ እንደምን አደርክ። ራንጌል ግድግዳውን እየገለጠው ነው። መጥቶ ይይልኝ ብሏል።"

"ከዛሬ አራት ቀን በፊት ድሜጥሮስ ነበር" አልኳት።

"ይህን ለራሱ ንገረው፣ ወንድሜ። እኔን የላከኝ አይቶ ይንገረኝ በይው ብሎ ነው።"

ንጹሕ ሸሚዝ ለበስኩ። ኮፍያዬንም ቦረሽኩ።

ግቢው ውስጥ የፎም ፍርፋሪ እንደ በረዶ ተነጥፏል። ራንጌል ራሱ መሰላል ላይ ነው፤ በሰባ ዓመቱ። ቩጾ ከሥር በአንድ እጁ መሰላሉን ይዟል፤ በሌላ እጁ ሳንድዊች። ራዶስቬታም ሱቋን ዘግታ መጥታለች፤ ለእቃ መጠቅለያ የሚሆን ፎም ልውሰድ ብላ ነው። በበዓሉ ከሳቁብኝ ከእነዚያ አስራ አንድ ሰዎች በሕይወት ያሉት ስድስት ናቸው፤ አራቱ እዚያ ነበሩ። ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም።

"ሁለት ሳምንት መጣ!" አለች ራዶስቬታ።

"ና፣ ና" አለኝ ራንጌል ከላይ። "እያት የዚያችን ወፍ ሥራ። አምላክ አፏን ሚስማር አድርጎላታል።"

ወደ ግድግዳው ዞረ። አንድ ፎም ነቀለ፣ ወረወረ። ሌላ ነቀለ። ጡቡ አሮጌና እርጥብ ነው። ወደ ጭስ ማውጫው እየቀረበ መጣ። እጄን ከኪሴ አወጣሁ፣ መልሼ ከተትኩ። አሸንዳው ተገጥሞ የነበረበትን ሲስብ እንቢ አለው።

"ይሄ ደግሞ ምን ይዞት ነው?"

"ከሥሩ ልስን አለ" አልኩ። "ልስን ላይ ሙጫ በደንብ ይይዛል።"

"የማን ልስን?"

"የኔ።"

ቩጾ ሳቀ። ራንጌል በሁለት እጁ ሳበው። ፎሙ ተገነጠለ፣ ግራጫው ልስን ወጣ፤ አንድ ቦታ እንኳ አልተላጠም። ሙጫው በአብዛኛው ከፎሙ ጋር ተነስቶ ሄዷል። ፊደሎቹ እንደጻፍኳቸው ናቸው።

"ጽሑፍ አለው" አለች ራዶስቬታ።

"መነጽሬን አልያዝኩም። ፔትካና፣ ምንድነው የሚለው?"

ፔትካና ቀረብ ብላ አነበበች። መጀመሪያ በልቧ፣ ከዚያ ጮክ ብላ፤ ቀኑን፣ የባሏን ስም፣ የእኔን ስም። "እኔ አይሆንም ብያለሁ" የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ማንም አላዘዛትም። ቩጾ ማኘኩን አቆመ። ራዶስቬታ አየችኝ። በአስራ ሦስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

ጠጋ ብዬ ልስኑን በጣቴ አንኳኳሁት። ድፍን ነው።

ራንጌል ከመሰላሉ ወረደ። ቀስ ብሎ ነው የወረደው፤ ጉልበቱን ያመዋል። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"እኔማ ብያለሁ" አለ። "ማን ካደ? ሥራ ብዬሃለሁ።"

ይህን ቃል አስራ ሦስት ዓመት ስጠብቀው ኖሬያለሁ። ከእኔ ጋር አራት ሰው ሰማው።

"እኔ ግን ምንድነኝ?" አለ ቀጥሎ። "ዳቦ ነጂ ነኝ። ዳቦ ነጂ ስለ ልስን ምን ያውቃል? የመጣልኝን ነው የምለው። ጥርስ ሐኪም ቤት ሄጄ የግራውን ንቀልልኝ ብለው፣ የታመመው የቀኙ ከሆነ ይነቅልልኛል? ባለሙያው አንተ። አይሆንም ብለሃል፤ ጥሩ፣ ተጽፏል። ከዚያስ እሺ ያለው ማነው?"

"ራንጌል፣ ተው" አለች ፔትካና።

"ልጠይቀው እንጂ! ካዞላውን ይዞ የመጣው ማነው? እኔ ነኝ እጁን ይዤ የለሰንኩት? የከተማውን ልጅ እጠራለሁ ብዬው ነበር፤ ለምን ጥራው አላለኝም?"

ቩጾ ማኘክ ጀመረ። ራዶስቬታ ከመሬት ፎሞቿን መልቀም ጀመረች፤ ጥሩ ጥሩውን እየመረጠች።

ራንጌል ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ተቆጥቶ አልነበረም። ያ ነው የሚገርመው፤ ደስ ያለው ይመስል ነበር።

"በል ተወው፣ አሮጌ ነገር ነው። አሁን ስማኝ። ቬልኮ ዘንድሮም ለገና ይመጣል። ግድግዳዬን እንዲህ ራቁቱን ላሳየው ነው? ፀሐይዋን እያት። ቴሌቪዥኑ ሁለት ሳምንት እንዲህ ነው ብሏል።"

"ሁለት ሳምንት!" አለ ቩጾ፣ ሳንድዊቹም ከአፉ ሊወጣ ደረሰ። ራዶስቬታም ሳቀች። ፔትካና እንኳ አፏን በሻርፗ ሸፈነች።

"ቁርጡን ንገረኝ" አለ ራንጌል። "ያ ባለማሽኑ አሁንም አለ፤ አርጅቷል፣ ግን አለ። እኔ ጎረቤቴን ላስቀድም ብዬ ነው። እሺ በልና ነገ ጀምር።"

ሌሊቱን ግቢዬ ባልዲ ውስጥ ያለው ውሃ ላይ ስስ በረዶ ነበር። ጠዋት ስነሳ በጣቴ ሰብሬዋለሁ።

ኮፍያዬን አስተካከልኩ። በፍርፋሪው ላይ እየሄድኩ በቩጾና በራዶስቬታ መካከል አለፍኩ።

"እሺ ነው እንቢ ነው?" አለ ራንጌል ከኋላዬ። "ሰውዬ! አፍ የለህም? እሺ ነው እንቢ?"

በሩን ከፍቼ ወጣሁ፤ መቀርቀሪያውን መለስኩና ወደ ቤቴ መንገዴን ያዝኩ።