ጋቢ የጎተተው ቱርቦ

እንጦጦ ማርያምን! ከዚህ በታች ካለው አንዲት ቃል ብጨምር ምላሴ ይቆረጥ። ብቀንስ እንጂ አልጨምርም፤ ትሕትና ከልጅነቴ ጀምራ ስትጎዳኝ የኖረች ነገር ናት።

መሸሻ የሚባል ጎረቤት አለኝ። ሁለታችንም ያረጀ ባለ ቱርቦ መኪና አለን። ልዩነቱ፣ የእኔዋ አንበሳ ናት፤ የእሱ ግን ሞልቃቃ። ሰውዬው ዘይቱ ገና ሳይጠቁር ይቀይራል። ፊልትሮው ሳይደፈን አውጥቶ ይጥላል። የቱርቦውን ቱቦ በጣቱ እየዳበሰ «ተሰነጠቀ እንዴ?» ይላል፣ እንደታመመ ሕፃን። ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን፣ ዳገት ወጥቶ ሲመለስ መኪናዋን ወዲያው አያጠፋም። ደጁ ላይ ያቆምና ሞተሩ እየሠራ ቁጭ ይላል።

«ቱርቦው እንደጋለ ካጠፋኸው ዘይቱ ውስጡ ያርራል፤ ትንሽ ይብረድ» ይለኛል።

ውሸቱን ነው! መንደሩ እንዲያየው ነው። ታየች የምትባለው ሚስቴ እንኳ በመስኮት እያየች፣ «ታድላ፣ እንዴት ይንከባከባታል!» ትላለች። ታድላ የምትለው መኪናዋን ነው። እኔ በመኪናዬ ስገባ እንዲህ ብላ አታውቅም። እኔማ ዘይት እንደ ጠጅ ነው፣ ሲቆይ ይበረታል ብዬ ሳልቀይር ስንት ክረምት አለፈ።

ታዲያ ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ የሚሸጡት እትዬ ጽጌረዳ ልጃቸውን ሄርሜላን ሊድሩ ሆነ። ተክሊሉ እንጦጦ ማርያም ነው። ሙሽራዋን በማን መኪና? መንደሩ በአንድ አፍ «በመሸሻ!» አለ። እንደ ኮሶ መረረኝ። ቀጥ ብዬ ሱቃቸው ሄድኩ።

«እትዬ፣ የእኔዋ እያለች?»

«አንተ ኃይለ መለኮት፣ ልጄን ዳገት ላይ የሚያስቀርብኝ መኪና አልፈልግም» አሉኝ። «ለወሩ ማርያም ሁለታችሁም ልትሳለሙ ትወጡ የለ? ሳይቆም የደረሰ እሱ ይውሰዳት።»

የማርያም ዕለት ማለዳ ታየችን ከጎኔ አስቀምጬ ተነሣሁ። የእኔዋ ስትወነጨፍ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በሙሉ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። መሐል ዳገት ላይ ስደርስ፣ መሸሻ ሰማያዊ ጭስ እየተፋ ቆሟል! ያ ሁሉ ዳበሳ፣ ያ ሁሉ ማብረድ፣ ለዚህ!

«ወንድሜ፣ ድረስልኝ» አለኝ፤ እንባው ኮረብታውን አረሰረሰው።

ክፉ ሰው አይደለሁም። ገመድ ስላልነበረ ከእትዬ ጽጌረዳ የገዛሁትን ጋቢ ከትከሻዬ አወረድኩ፣ ጠመዘዝኩ፣ አንዱን ጫፍ ከእኔዋ ኋላ፣ ሌላውን ከእሱ ፊት አሰርኩና እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ጎተትኩት። ጋቢው ክሩ እንኳ አልሳሳም።

ከተሳለምን በኋላ የእኔዋን ለድካሟ ጠበል ይድረሳት ብዬ ማርያም ደጅ ተውኳት። የመሸሻ መኪና ቁልቁለቱን ስታይ ነፍስ ዘርታ ነበርና፣ ይሉኝታ ይዞኝ በእሷ ወረድን። ሱቁ ደጅ ስንደርስ መሸሻ እንደ ልማዱ ሊያበርድ ሞተሩ እየሠራ ቁጭ አለ። እሱ እስኪያበርድ ማን ይጠብቃል? ጋቢዬን አስተካክዬ ቀድሜ ገባሁና፣ አሁን የነገርኳችሁን ሁሉ ለእትዬ ጽጌረዳ ቃል በቃል ነገርኳቸው።

የሚያጥፉትን ነጠላ አስቀመጡ። «ወይ ጉድ! በእኔ ጋቢ?»

«በእርስዎ ጋቢ! እንዲህ ያለ ጋቢ ሌላ የት ይገኛል?»

«እንግዲያ ሄርሜላን አንተ...» ብለው ጀመሩና ታየችን አዩአት። «አንቺስ አብረሽው ነበርሽ?»

ታየች ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ደጅ የመሸሻ ሞተር እንደ ጠገበ ድመት ያንኮራፋል። ተነሥታ መጣችና የጋቢዬን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ብርሃኑ ዘረጋችው። ነጭ ነው፤ አንዲት የዘይት ጠብታ የለበትም።

«ነበርኩ፣ እትዬ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጋቢው ከትከሻው አልወረደም። የጎተተን መሸሻ ነው፣ በራሱ ገመድ። የእኛዋ እዚያው ተበላሽታ ቀርታለች። ለሄርሜላ የመሸሻ ትሁን።»