የቀረችው አንዷ

ሕመሙ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሳባት የከተማ አውቶቡስ እየነዳች ነበር። ዳር ይዛ አቆመች፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፤ በሩን ከፍታ ተሳፋሪዎቹን በሌላ መኪና እንዲሄዱ ነገረቻቸው። ከዚያ ሆዷን ይዛ መሪው ላይ ተደፋች።

ነገሩን ታውቀዋለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የቀኙ እንቁላል ማምረቻዋ ተጠምዝዞ ደም ሲቋረጥበት፣ ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ቁርጠት ነው ብላ ሁለት ቀን አስተኝታት ነበር። ሆስፒታል ሲደርሱ ሞቶ ስለነበር ተቆርጦ ወጣ። አምና የግራው ዞረ፤ ቶሎ በመድረሷ ፈትተው አተረፉላት። አሁንም ያው የግራው ነው። አግብታለች፤ ልጅ ግን ገና አልወለደችም።

ቀዶ ሐኪሟ ነገር የማታንዛዛ ሴት ናት። ሹፌሯ ሆስፒታል እንደገባች አልጋው ጫፍ ቆማ፣ ፈትታው ብቻ ብትወጣ ተመልሶ ሊዞር እንደሚችል፣ የያዘው ጅማት ስለረዘመ አሳጥሮ በክር ማሰሩ እንደሚሻል አስረዳች። ተጠርታ የመጣችው እህቷ ፊቷ ተለዋወጠ። የቀረቻትን አንዷን በመርፌ ነካክተው መካን ሊያደርጓት ነው ብላ ሰጋች።

ሹፌሯ ወደ ሐኪሟ ዞረች። "መስፋቱ መውለድ ይከለክለኛል?"

"ይከለክላል የሚያሰኝ ነገር አላየሁም። ግን ብዙ የተጠና ነገር አይደለም፤ ዳግም አይዞርም ብዬም አልምልልሽም። ይሄም ከሞተ ግን ሌላ የለሽም።"

"እንግዲያው ስፊው።"

የቀዶ ሕክምናው ወረቀት ላይ እንዳትፈርም እህቷ እጇን ያዘቻት።

"እታለም፣ ያኔ አንቺ ወሰንሽልኝ። ዛሬ ለእኔ ተዪልኝ" አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ። ያቺን ሁለት ቀን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አንስታባት አታውቅም። እህትየው እጇን ለቀቀች፤ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች።

ሐኪሟ ሆዷ ላይ በከፈተቻቸው ሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች መሣሪያ አስገብታ ፈታችው። በልዞ ጠቁሮ ነበር። ጥቂት ብትጠብቀው ቀስ በቀስ ቀላ፤ ያኔ ጅማቱን አሳጥራ ሰፋችው።

በማግስቱ እህትየው አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ አንሶላውን ስታስተካክል ቆየችና፣ ይቅርታ ለማለት አፏን ከፍታ አቃታት። ሹፌሯ ውኃ እንድታቀብላት ጠየቀቻት፤ አቀበለቻት። ሁለቱም በዚያው ተዉት።

በሁለተኛው ወር ሥራ ገባች። ዓመት ካለፈ በኋላ በአልትራሳውንድ ሲታይ እንቁላል ማምረቻው በቦታው ነበር፤ ደሙም ይዘዋወራል። ልጅ ገና አልመጣም። ባሏ እንደሆነ አይቸኩልም። እሷም እየነዳች ጎኗን ወጋ ባደረጋት ቁጥር እግሯ ሳታዝዘው ፍሬን ላይ ያርፋል፤ ውጋቱ አልፎ ሲሄድ ነዳጁን ትረግጣለች።