የጎልዲ አባት ሸክላ

ማዕዶት አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ አጠገብ ባለችው ሴንት ሉዊስ ፓርክ በምትባል ከተማ ጎልዲ የሚባሉ የዘጠና ሦስት ዓመት አሮጊት ትንከባከባለች። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ትሰጣለች፣ ገላቸውን ታጥባለች፣ ምሳ ታቀርባለች፤ ከዚያ የሥራ ሽፍቷ እስኪያልቅ ወሬያቸውን ትሰማለች። ወሬያቸው አብዛኛውን ጊዜ ስለ አባታቸው ነው።

አባታቸው ሞይሼ ከዩክሬን ኒው ዮርክ ሲገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በሥራ ቀን ካፖርት ይሰፋል፤ እሑድ እሑድ በአይሁዶች ሰርግ ላይ ክሌዝመር የሚሉትን፣ ከአገራቸው ይዘውት የመጡትን ሙዚቃ በቫዮሊን ይጫወታል። እ.ኤ.አ. በ1922 ከአንድ ባንድ ጋር ሙዚቃ በሸክላ አስቀረጸ። በኋላ ሚኒያፖሊስ መጥቶ አገባ። ሙሽሮች ሁሉ ጃዝ መፈለግ ሲጀምሩ ቫዮሊኑን ሸጠ። ስለዚህ ጎልዲ አባታቸውን ሲጫወት ሰምተውት አያውቁም። ሸክላውም ሕፃን ሳሉ ቤት ሲቀየር ተሰብሯል።

“ሰዉን የሚያስለቅሰው እሱ ነበር፤ ሌሎቹ አጃቢዎች ናቸው” ይላሉ ሁልጊዜ።

ባለፈው መጋቢት ልጃቸው ዴቪድ የዚያኑ ቀረጻ ሌላ ሸክላ ቺካጎ አንድ የድሮ ሙዚቃ ሰብሳቢ ዘንድ አገኘ። እናቱ ኢሜይል ስለማይጠቀሙ የድምፅ ቅጂው በማዕዶት ኢሜይል እንዲላክ አደረገ። እሷም ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ከፈተችላቸው። መጀመሪያ የሸክላ ማጫወቻው መርፌ ጩኸት፣ ቀጥሎ አንድ ቫዮሊን እያለቀሰ ወጣ።

“እሱ ነው!” አሉ ጎልዲ። እንባቸው ወረደ።

ሙዚቃው ሲያልቅ ሰብሳቢው የጻፈውን እንድታነብላቸው ጠየቋት። ማዕዶት በዓይኗ ቀድማ አነበበችው፤ ስልኩንም መልሳ አስቀመጠችው።

“ምነው?”

ብትዋሽ ደስ ባላት። ጎልዲ ግን ፊቷን እያዩ ነው።

“የቀረጻው መዝገብ ተገኝቷል ይላል። ይሄን ዋና ቫዮሊን የተጫወተው የባንዱ መሪ ነው። አባትዎ ሁለተኛ ቫዮሊን ነበሩ።”

“አጃቢ?”

“አዎ።”

“ዝጊው” አሉ።

ሁለት ቀን ሙሉ ስለ አባታቸው አላነሡም። ቴሌቪዥን ብቻ አዩ፤ ምሳቸውንም በግማሽ ተዉት።

ማዕዶት በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ የምትዘምረው አልቶ፣ ዝቅ ያለውን የሴቶች ድምፅ ነው። ጆሮዋ ከዋናው ዜማ ሥር ያለውን ድምፅ መፈለግ ለምዷል። በሦስተኛው ቀን ሰሐን እያጠበች ቅጂውን በጆሮ ማዳመጫ ደጋግማ ሰማችው። በምትና በምት መሃል የሚገባ አጭር፣ ደረቅ የቫዮሊን ድምፅ አለ። መሪው ሲሮጥ አይሮጥም፤ መሪው ሲዘገይም ቦታውን አይለቅም። እጇን ጠርጋ ወደ ሳሎን ሄደችና ቅጂውን ጠረጴዛው ላይ ከፈተችላቸው።

“አንዴ ብቻ ይስሙልኝ። ላይኛውን ይተዉትና ከሥር ያለውን።”

“ምንም አይሰማኝም።”

ማዕዶት ያንን ድምፅ እየተከተለች ጠረጴዛውን በጣቷ መታች። ጎልዲ ጣቷን አዩት። ከዚያ የራሳቸውን ሁለት ጣት አንሥተው ከእሷ እኩል መምታት ጀመሩ።

“አባቴ ራት ላይ ሬዲዮ ሲከፈት እንዲህ ያደርግ ነበር” አሉ። “እናቴ ‘ሾርባውን ልትደፋው ነው’ እያለች ትቆጣዋለች። ከዘፈኑ ጋር ስለማይገጥም እኔ ምት የማያውቅ ይመስለኝ ነበር!”

እስኪያስላቸው ሳቁ። ማዕዶት ውኃ አቀበለቻቸው። አራት ጊዜ አስደገሟትና ዴቪድ ጋ ደውዪልኝ አሉ።

“አያትህ ሁለተኛ ቫዮሊን ነበር” አሉት ገና ስልኩን እንዳነሣ።

“መሪው እሱ ነው ትዪን አልነበር እንዴ?”

“ተሳስቼ ነበር። እሑድ ልጆቹን ይዘህ ና። የትኛው እሱ እንደሆነ አሰማችኋለሁ።”

ስልኩ ሲዘጋ ማዕዶት ከሽፍቷ ሃያ ደቂቃ አሳልፋ ነበር። የራት ሾርባቸውን አሙቃ አቀረበችላቸውና ጃኬቷን ለበሰች። ስትወጣ ጎልዲ ሾርባውን እየጠጡ ነበር።